ስለ ነጩ ገጽና ስለ ክቡር ፎቶግራፍዎ

ለዓይን ሕክምና ማዕከሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ክቡርነትዎ ባሉበት፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ይልቁንም ያን ሁሉ ሠራተኛ ከአንድ ወንበር ላይ ሆነው የሚቃኙበትን ዓይንዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን። እኔ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎት በክፋት አይደለም፤ ለብቻዎ ብጽፍልዎ ምስጋናዬ መሳቢያ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል ብዬ ስለሰጋሁ ነው እንጂ። የፊት ምስጋና ለሐሜት ያስቸግራል ይባላል፤ እኔን ግን ብዙም አላስቸገረኝም፤ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ አስኬዳቸዋለሁ።

ማን እንደሆንሁ ላስተዋውቅ። ለሱቆች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለጥርስ ሐኪሞች ድረ ገጽ እየሠራሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። የምኖረው ካሳደገችኝ አክስቴ ጋር ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፈሩ ግን «እማማ ዚፕ» ይላታል፣ ምክንያቱም ዚፑ የተበላሸ ሱሪም ሆነ ቦርሳ ሳይጠገን ከበራችን ተመልሶ አያውቅም። ዕድሜ ሲገፋ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋረዳቸው። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃታት ሰሞን መጀመሪያ ክሩን ተሳደበች፤ ቀጥላ መርፌውን፤ ቀጥላ መርፌውን የሠራውን ፋብሪካ። የምትሰድበው ሲያልቅባት የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፍና ወደ ግድግዳ አስጠጋችው። ክቡርነትዎ የስፌት መኪና ድምፅ ድንገት በቀረበት ቤት ኖረው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ በዚያ ድምፅ ተኝቼ በዚያ ድምፅ ነቅቼ ስላደግሁ ዝምታው ያባንነኝ ጀመር።

በዚህ መሐል ነው ማዕከልዎ «የሞራ ቀዶ ሕክምና ምዝገባ ከእንግዲህ በድረ ገጽ ብቻ ይሆናል፤ ወረፋ ታሪክ ሆነ» ብሎ ያወጀው። ማየት የተሳነው ሰው በዓይኑ አንብቦ፣ ትንንሽ ቁልፍ በጣቱ ፈልጎ እንዲመዘገብ ማድረግ ከተራ ጭንቅላት የሚመነጭ ሐሳብ አይደለም፤ ስለዚህም አመሰግንዎታለሁ። ቅሬታዎቼን ግን እንደ ደንቡ በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ስለ ነጩ ገጽ።

ምዝገባው የተከፈተ ዕለት አክስቴ «እኔው ራሴ እመዘገባለሁ፤ የራሴን ዓይን ለማስጠገን የሰው ዓይን አልዋስም» አለችና ያቺን ያረጀች ስልኳን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ተቀመጠች። እኔ ጓዳ ነበርሁ። ቆየት ብላ ድምፅዋ ተለውጦ ጠራችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ። የቀረችኝም ብርሃን ሄደች መሰለኝ። ፊቴ ያለው ሁሉ ነጭ ነው።»

ሮጬ ሄጄ ስልኩን ተቀበልኋት። ነጭ ነበር። ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት፤ ነጭ ነው።

«እትዬ፣ ለእኔም አይታየኝም» አልኋት፣ ላጽናናት ብዬ።

«ውይ! አንቺንም ያዘሽ?» ብላ ደረቷን መታች። «በዘር ነው እንዴ የሚሄደው?»

ዓይኗ እንዳልጠፋ፣ ገጹ እንዳልመጣ እስካስረዳት ድረስ ፊቷን በእጇ ይዛ ነበር። ክቡርነትዎ፣ የዓይን ሕክምና ማዕከል ሆኖ ጤነኛውንም ታማሚ የሚያስመስል ድረ ገጽ ማዘጋጀት በዓለም ላይ ስንት ተቋም ይሆንለታል? በመጨረሻ ገጹ ሲመጣ ከፎቶግራፍዎ ፈገግታ ዝቅ ብሎ አንድ መስመር አነበብሁላት፦ «ምዝገባው ሞልቷል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» አክስቴ ምንም አልተሳደበችም። ተነሥታ በስፌት መኪናዋ ላይ ሌላ አንሶላ ደረበችበት። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ስልክ መስተንግዶዎ።

ወደ ማዕከሉ ደወልሁ። መረጃ ክፍል ያለችው እመቤት በጨዋ አንደበት «እኛ ጋ ገጹ በቅጽበት ነው የሚከፈተው፤ ዘግይቶ አይተን ከሆነ ዓይናችንን ግንባር ያድርገው» አለችኝ። ከዓይን ሕክምና ማዕከል እንዲህ ያለ መሐላ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ከዚያም የቢሮዋ ኮምፒውተር ገጹን ቀድሞ ስላስቀመጠው እንደ አዲስ እንደማያመጣው፣ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደጅ የቆመውን ብርድ እንደማያውቀው ላስረዳት ሞከርሁ። «እንግዲያው ስልክዎን ይቀይሩ» አለችኝ። ምክሩ ግሩም ነበር፤ መንገዱ የተበላሸበትን ሰው እግርህን ቀይር እንደማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ታላቁ ዘመቻ።

ቅሬታው ሲበዛብዎ «የድረ ገጽ ፍጥነት ኮሚቴ» አቋቋሙ። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛውን አገኘሁት አለ፦ ስታይልሺት። ለማያውቅ አንባቢ ልግለጽ፤ ስታይልሺት ማለት የገጹ ቀለም ምን እንደሚሆን፣ ፊደሉ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ የቱ ቁልፍ ከየቱ በታች እንደሚቀመጥ ለስልኩ የሚያዝዝ ፋይል ነው። ስልክ ይህን ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ሳይቀበል ከገጹ ላይ አንዲት ፊደል አያሳይም፤ ለብሶ ሳይጨርስ በር እንደማይከፍት ጨዋ ሰው ማለት ነው። ፋይሉ ከከበደ እንግዳው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚያየውም ነጭ ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ኮሚቴው አልተሳሳተም፤ በጨለማ የተወረወረ ድንጋይም አንዳንዴ ያገኛል።

ታዲያ ኮሚቴው ምን አደረገ? በፋይሉ ውስጥ በትእዛዝና በትእዛዝ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ነቀለ። አለቀ። በየመተላለፊያው «ስታይልሺታችንን አሻሻልን፣ ፍጥነታችንን ጨመርን!» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ፤ ክቡርነትዎም ጥብጣብ ቆረጡ። የድረ ገጽ ጥብጣብ ምኑ ላይ እንደሚታሰር እስካሁን ይገርመኛል። እውነቱን ለመናገር ባዶ ቦታ መንቀል ክፉ ሥራ አይደለም፤ እኔም እነቅላለሁ። ነገር ግን ሰርቨራችሁ፣ ማለትም ገጹን ለየስልኩ የሚያድለው ኮምፒውተራችሁ፣ ፋይሉን ሲልከው ድሮውንም ጨምቆ ስለሚልከው የባዶው ቦታ ክብደት የላባ ያህል ነበር። ድንጋይ ከጫነ ጋሪ ላይ ላባ አውርዶ ፈረሱን «በል ጋልብ» ማለት ፈረሱንም ያስቀዋል።

ይባስ ብሎ ኮሚቴው ያንኑ መድኃኒት እንዲሁ ለሚንቀራፈፈው የማዕከሉ ክፍት የሥራ ቦታዎች ገጽም አዘዘለት። ያ ገጽ የሚዘገየው በሌላ ምክንያት ነው፤ ሰርቨሩ ማስታወቂያዎቹን ፈልጎ አገላብጦ የመጀመሪያዋን ፊደል እስኪልክ ድረስ ስታይልሺቱ መንገድ እንኳ አልጀመረም። ገና ከቤቱ ያልወጣ እንግዳ የዘገየው ጫማው ከብዶት ነው ይባላል? የማዕከልዎ ሐኪሞች ራሱን ለታመመውም፣ ጆሮውን ለታመመውም መነጽር አያዝዙም፤ አስቀድመው የሚያመው የቱ ጋ እንደሆነ ይመረምራሉ። ከእነርሱ አንዱን ኮሚቴው ውስጥ ቢያስገቡ ኖሮ ብዬ አስቤ ነበር። ዝንብ ቢሰበሰብ ድስት አይከፍትም ያለው ግን ሌላ ሰው ነው፤ እኔ በኮሚቴ አምናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ክቡር ፎቶግራፍዎ። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ አድናቆት ነው።

ከዘመቻው በኋላም የአክስቴ ስልክ እንደ ቀድሞው ነጭ ሲሆን፣ ግምት ይብቃኝ ብዬ ስልኩን ከኮምፒውተሬ ጋር በገመድ አያያዝሁና ምን በየትኛው ተራ እንደሚመጣ ተመለከትሁ። ሰርቨሩ ለምዝገባው ገጽ ወዲያው ነበር የመለሰው። ጽሑፉም መጥቶ ስልኩ ውስጥ ተቀምጧል። ያልመጣው ስታይልሺቱ ነው፤ ጽሑፉ ለብሶ ለመውጣት እሱን ይጠብቃል። እንዲህ ሲሆን ነው ስታይልሺትን ማቅለል ልፋቱን የሚያወጣው፤ ሁሉም ነገር ደርሶ እሱ ብቻ ሲጠበቅ። እናም ፋይሉን ከፍቼ ማንበብ ጀመርሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት የሆቴል አልጋ ዓይነቶች የሚዘረዘሩበትን ሠንጠረዥ የሚያስውብ ትእዛዝ ነው። ቀጥሎ ለሰርግ ቀን የሚቆጥር ሰዓት መጣ። ገጹ ተዘጋጅተው ከሚሸጡት የተገዛ፣ ለሁሉም እንዲሆን የተሰፋ ልብስ መሆኑ ገባኝ፤ ማዕከሉ የሚጠቀምበት እጅጌውን ብቻ ነው። ከዚያ ወርጄ ወርጄ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ክምር ላይ ደረስሁ፤ ጣቴ እስኪዝል ባንሸራትተው አያልቅም። ክምሩን ወደ ምስል ብመልሰው ክቡርነትዎ ብቅ አሉ። ክራቫትዎ ሰማያዊ ነው። ግንባርዎ ላይ ያለችው ላብ ሳትቀር ትቆጠራለች፤ የግድግዳ ማስታወቂያ የሚያህል ፎቶ ነው። ፎቶ በተለመደው መንገድ ቢቀመጥ ገጹ ቀድሞ ይታያል፣ ፎቶውም ሲደርስ ይደርሳል። ስታይልሺቱ ውስጥ ከተሰፋ ግን እርስዎ ካልመጡ ማንም አይመጣም።

ይህን ማን እንዲህ እንዳደረገው ለማወቅ ወደ ማዕከሉ ሄድሁ። የኮምፒውተር ክፍሉ ከምድር ቤቱ የተሰበሩ ወንበሮች ከተከመሩበት ጎን ነው። እዚያ የሚሠሩትን ሰውዬ ሁሉም «ጋሽ ሽቦ» ይላቸዋል፤ አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ የሚንጠለጠል ገመድ አይጠፋም። የመጣሁበትን ስነግራቸው ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«እኅቴ፣ ፎቶው ከገጹ በኋላ ሲመጣ አለቆች ተቆጡ። ከሁሉ ቀድሞ ይውጣ ተባልሁ። ብቸኛው መንገድ ይሄ ሆነ።»

«ታዲያ አሁን ለምን አያወጡትም?»

«የአለቃን ፊት ከቦታው ያነሣሁ ዕለት የእኔም ፊት ከቦታው ይነሣላ!»

«ኮሚቴውስ ይህን አያውቅም?»

«ኮሚቴው ያውቃል። ባዶውን ቦታ የነቀለው ለምን መሰለሽ? ፋይሉ ውስጥ የማይቀየም እሱ ብቻ ነው።»

ክቡርነትዎ፣ ለዚህ ጥበብ ያለኝን አድናቆት በቃል መግለጽ ስለሚያስቸግረኝ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ተቀበሉን ቀን።

አክስቴ ይህን ስትሰማ «ሰውየው ራሱ አያውቅም ይሆናል፤ ለባለቤቱ ያልነገሩት ወሬ ነው» ብላ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ በእጄ ተደግፋ ቢሮዎ መጣች። ጸሐፊዎ ስታመነታ አክስቴ የጃኬቷ ዚፕ መላቀቁን በእጇ ዳብሳ አገኘችውና እየነካካች አስተካከለችላት፤ ወዲያው ገባን። ያን ዕለት ስለ ሰጡን ወንበርና ስለ ቀዝቃዛው ውኃ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህ ምስጋና ጥርስ የለውም።

አክስቴ ስልኳን ዘረጋችልዎት። «ጌታዬ፣ እስቲ የምዝገባውን ገጽ ይክፈቱልኝ» አለች። እርስዎም የቢሮውን ዋይፋይ ላገናኝልዎት ብለው ነበር፤ እሷ ግን «የለም፣ የቤት ሰው አያድርጉኝ፣ እንደ ደጅ ሰው ልክፈት» አለች። ነክተው ጠበቁ። መጀመሪያ ስለ መጪው ዓመት ዕቅድ አጫወቱን። ቀጥሎ ስለ አየሩ። መነጽርዎን አወለቁ፣ በክራቫትዎ ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ምንም አይታየኝም» አሉ።

አክስቴ ወደ እርስዎ ጠጋ ብላ፣ በሐዘኔታ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ጌታዬ?» አለችዎት።

«ምኑ?»

«ማየት ያቃተዎት። እኔንም እንዲሁ ነው የጀመረኝ። ሳይጠነክርብዎ ቶሎ ይመዝገቡ። ምዝገባው ግን በድረ ገጽ ብቻ ነው አሉ።»

ጸሐፊዎ ሳል ይዟት ወጣች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። በመጨረሻ ፎቶዎ መጣ፤ አክስቴ ስልኩን ወስዳ አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው።

«ማነው ይሄ ሰው? የሚቀደኝ ሐኪም ነው?»

«አይደለም እትዬ፣ ሥራ አስኪያጁ ናቸው» አልኋት።

«ታዲያ መንገዱ ላይ ምን ይሠራሉ?»

ክቡርነትዎ በዚያች ሰዓት ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። ፊትዎ ቀላ፣ ከዚያ ሳቁ፤ የእውነት ሳቅ ነበር፣ ፎቶው ላይ ካለው በጣም ይሻላል። ከመሳቢያዎ ወረቀት አውጥተው «እናቴ፣ እርስዎን እኔው አሁን በእጄ እመዘግብዎታለሁ፤ በዚህ ሳምንት ይገባሉ» አሉ። ልቤ ዘለለ። አክስቴ ግን እጅዎን ያዘችው።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እዚህ ድረስ ጎትታ የምታመጣኝ የእኅት ልጅ አለችኝ። የሌለው ሰው ምን ያድርግ? እርስዎ በሩን ብቻ ይክፈቱት፤ እኔ እንደ ሰው በበሩ እገባለሁ።»

ይህን ብላ ወጣች። ደረጃው ላይ ተጣላን። ያንን ዕድል እንዴት ትገፊያለሽ ብዬ ጮህሁባት፤ ኩራትሽ ነው ያሳወረሽ እስከ ማለት ደረስሁ። ምርኩዟን እያንኳኳች፣ እርምጃዋን እየፈለገች ወረደች። ከታች ስንደርስ ብቻ «ያቺ ከቢሮው በር አጠገብ ወንበር ላይ የነበረችው ሴትዮ መመዝገብ አቃተኝ ብላ ስታለቅስ አልሰማሽም?» አለችኝ። እኔ አላየኋትም ነበር። ዓይኔ ደኅና ነው ባይ ነኝ።

ስድስተኛ፣ ስለ «ለጊዜው»።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለጋሽ ሽቦ ደውለው «ፎቶውን አውጣው» ብለዋቸዋል፤ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉም «ለጊዜው» ብለው ጨምረዋል። ያቺ አንዲት ቃል ስለምታስፈራኝ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ጋሽ ሽቦ ጠርተውኝ፣ በተሰበሩት ወንበሮች መካከል ደኅናውን መርጠን ተቀመጥን። ፎቶውን ከስታይልሺቱ ነቅለን፣ አሳንሰን፣ ከገጹ ግርጌ አስቀመጥነው። የሆቴሉን አልጋና የሰርጉን ሰዓት አስወገድን። ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ ለሚታየው ክፍል፣ ማለትም ለስምና ለስልክ ቁጥር መሙያው፣ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ትእዛዞች እዚያው ገጹ ውስጥ አኖርናቸው፤ የቀረው ማጌጫ ኋላ ቀስ ብሎ ይምጣ አልን። ከዚያ በአክስቴ ስልክ ሞከርነው። ጋሽ ሽቦ «አሁን ይ...» ብለው «ከፈታል» ሳይሉ ተከፈተ።

የክፍት የሥራ ቦታዎቹንስ ገጽ? በዚያው ጉጉት ላይ ሆነን የእሱንም ስታይልሺት አቀለልነው። ልክ እንደ ቀድሞው ተንቀራፈፈ። ጋሽ ሽቦ ገመዳቸውን ከአንገታቸው አውርደው «የዚህስ ሕመሙ ሌላ ነው» አሉ፤ እስካሁንም ማስታወቂያዎቹ የተከማቹበትን የሰርቨሩን መዝገብ የሚፈትሹበትን ፈቃድ እየጠበቁ ነው። ፈቃዱ የሚጠየቀው በድረ ገጽ ነው አሉኝ።

ሁለተኛው ዙር ሲከፈት አክስቴ ራሷ ተመዘገበች። እኔ ፊደሉን ብቻ ነው ያነበብሁላት፤ ቁልፉን የነካችው እሷ ናት፣ ያውም እንደ ጠላት ጭንቅላት በሌባ ጣቷ ደቁሳ። ተራዋ ደርሶ ገባች። ፋሻው የተፈታ ዕለት ሐኪሟ «ምን ይታይዎታል?» ብላ ስትጠይቃት፣ አክስቴ እኔን አፍጥጣ ታየኝ ነበር። «አንቺ ልጅ! ሸብተሻል እኮ! እኔ ሳላይ ማን ፈቀደልሽ?» ብላ ጮኸች። ሐኪሟም እኔም ሳቅን፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረብኝና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ለሐኪሟና ለአስታማሚዎቹ ያለኝን ምስጋና እዚህ አልጽፈውም፤ በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ውስጥ ቢገባ ይቆሽሻል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ሰሞኑን እንደሰማሁት የቀጣዩ ዙር ምዝገባ ሊከፈት ነው፤ ከምዝገባው አስቀድሞም ክቡርነትዎ ሕሙማኑን «እንኳን ደኅና መጣችሁ» የሚሉበት ተንቀሳቃሽ ምስል በገጹ አናት ላይ ሊሰቀል ነው፤ ከበስተጀርባውም ሙዚቃ አለው ይባላል። ከበሩ አጠገብ ስታለቅስ የነበረችው ሴትዮ እስካሁን አልተመዘገበችም። አክስቴ ቤቷን አፈላልጋ አግኝታታለች፤ ስልኳ ከአክስቴም ስልክ ያረጀ ነው። በእርስዎ ቪዲዮና በዚያች ሴትዮ መካከል ማን ቀድሞ መግባት እንዳለበት የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ከቢሮው ዋይፋይ ውጭ፣ መንገድ ዳር ቆመው፣ ከጸሐፊዎ እናት በተዋሱት ያረጀ ስልክ የራስዎን ገጽ ይክፈቱ። ምን እንደሚጠበቅ ካዩ ምን መቅለል እንዳለበት ማንም ኮሚቴ ሳይነግርዎ ያውቁታል። ስታይልሺቱ ከሆነ እሱን ያቅልሉ። ሰርቨሩ ከሆነ ለጋሽ ሽቦ ፈቃድ ይስጡ። እርስዎ ከሆኑ ደግሞ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን።

ለሰጡን ወንበር፣ ለሳቁት ሳቅ፣ ሠራተኞችዎ ከፊትዎ ይልቅ ባዶ ቦታ እንዲነቅሉ ላስቻለው ግርማ ሞገስዎ፣ ድረ ገጽ ሠሪዎችም ያለ ሥራ እንዳንቀር ለሚያደርጉት ያልተቋረጠ ጥረት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሹመትዎ ይርዘም፤ ፎቶዎ ይጠር።

እጅ ነሺ፣ አክባሪዎ፣
የእማማ ዚፕ የእኅት ልጅ፣ ድረ ገጽ ሠሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ከማውጣቴ በፊት በጨዋ ደንብ በድረ ገጽዎ የአስተያየት መስጫ በኩል ልልክልዎ ሞክሬ ነበር። ገጹ እንደ መብረቅ ነው የተከፈተው፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ከእኛ በኋላ ኮሚቴው በርትቶ «የማያስፈልጉ» ትእዛዞችን በራሱ እጅ መቁረጡን እንደቀጠለ ጋሽ ሽቦ ነግረውኛል፤ በዚሁ ትጋት «ላክ» የሚለውን ቁልፍ በቦታው የሚያቆመው ትእዛዝ አብሮ ስለተቆረጠ፣ ቁልፉ ከገጹ ጠርዝ ተንሸራቶ ወድቆ ጠፍቷል። ሌሎቹን ገጾች ሁሉ ፈተሽሁ፤ ከማዕከሉ ቁልፎች ሁሉ የጠፋው እሱ ብቻ ነው። ስሕተት ከሆነ ጋሽ ሽቦ ባንዲት መስመር ይመልሱታል፤ ቅሬታ እንዳይደርስዎ ታስቦ ከሆነ ግን ከኮሚቴው ሥራ ሁሉ በትክክል የሠራው ይህ ብቻ ነውና አይንኩት።